ማናፋት የተከለከለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አደጋ ሲመጣ ለጫካው ሁሉ የምታስጠነቅቅ አህያ ነበረች። ኮረብታው ላይ ቆማ ነብርም ሆነ ጎርፍ ስታይ ታናፋለች፤ የሰማ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። የዚህ አሠራር ጉድለት የአንበሳን የቀን እንቅልፍ መረበሹ ብቻ ነበር፤ ለንጉሥ ግን ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ቀበሮ ይህን ታውቃለችና ሌላ ጫካ ደርሳ ስትመለስ አዲስ አሠራር ይዛ መጣች። አህያ ያየችውን ለጅብ በጆሮው ትነግረዋለች፤ ጅብ ለቀበሮ፣ ቀበሮ ለአንበሳ፤ ከዚያ አንበሳ ሲፈቅድ ጫካው ይሸሻል። በጅብ ጆሮ ማንሾካሾክ ለአህያ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ስብሰባ ተጠራ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አዲሱ ይጀመር» አለች አህያ፤ «የእኔም ጩኸት ለጊዜው አብሮት ይቆይ። መሥራቱን ስናይ ያኔ ዝም እላለሁ።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «ጩኸቱ እያለ አዲሱን ማን ይለምደዋል? እመት አህያ ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ነው።»

«እኔ በየተራ ይሁን ባይ ነኝ» አለ ጅብ። «በመጀመሪያ የምረቃው ድግስ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

አንበሳ አዛጋ። «ከነገ ጠዋት ጀምሮ አሮጌው ቀርቷል። አህያ ስታናፋ ከተገኘች ከጫካው ትባረራለች።» ተጨበጨበ፤ ድግሱም ተበላ።

በበጋው አጋማሽ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቋያ እሳት ተነሣ። ነፋሱ ወደ ጫካው ይነዳዋል። የአህያ ውርንጭላ ከታች ደረቁ ሣር ውስጥ ተኝቷል። አህያ እየጋለበች ጅብ ዘንድ ደረሰች፤ እሱ አጥንት ይግጣል።

«አያ ጅቦ፣ እሳት መጥቷል። ቶሎ ለቀበሮ ንገርልኝ።»

«ቆይ እንጂ። መልእክቱ አስቸኳይ ነው ወይስ ተራ?»

«እሳት ነው እኮ የምልህ።»

«እሱስ ገባኝ። እኔ የጠየቅሁሽ ዓይነቱን ነው።»

«በሞቴ፣ አስቸኳይ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ይህችን አጥንት እንደጨረስኩ እሄዳለሁ። ተራ ቢሆን ለነገ ነበር።»

አህያ ወደ ሣሩ ዞር ብላ አየች። ብታናፋ ከልጇ ጋር ትባረራለች፤ ዝም ብትል ግን ይዛው የምትባረረው ልጅ አይኖራትም። አንገቷን ዘርግታ ጫካው እስኪናወጥ አናፋች።

አንበሳ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ቀበሮም ፈቃድ ሳትጠይቅ ቀደመችው። ሁሉም ወንዙ ውስጥ ገቡ። አህያም ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ደረሰች።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ያናፋሽው?» አለ አንበሳ፣ የተለበለበ ጭራውን ውሃ ውስጥ እየነከረ።

አህያ ሳትመልስ ጅብ ጀርባው እየጨሰ መጣና ለአንበሳ እጅ ነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ እመት ቀበሮ የት አሉ? አስቸኳይ መልእክት ነበረኝ፤ ለእርስዎ እንዳልነግር ተራው የእሳቸው ነው።»

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገና «ከነገ ጀምሮ ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን ይሂዱ፤ እኔማ ከመጀመሪያውም አስቤው ነበር» አለ። ቀበሮም «እንዴት ያለ ጥበብ ነው» ብላ አጨበጨበች። አህያ ግን አልሰማቻቸውም፤ አመድ የለበሰውን የልጇን ጆሮ እየላሰች ታለቅስ ነበር።

ከዚህ የምንማረው አዲሱ አሠራር በችግር ቀን መሥራቱን ሳያይ አሮጌውን የሚጥል አለቃ፣ የስህተቱን ዋጋ ሌላው እንደሚከፍልለት፣ ምስጋናውን ግን ራሱ እንደሚወስድ ነው።