ቃሉን ለእጁ የነገረው ቀዛፊ

አንድ ቀዛፊ ነበረ፤ ስሙ አዳሙ ይባላል። ከደንገል ታስራ በተሠራች ታንኳው ሰዎችን ከሐይቁ ወዲያና ወዲህ ያሻግራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ እህል ነጋዴና አንዲት መነኩሲት አሳፍሮ ሐይቁ መካከል ሲደርስ ነፋሱ ድንገት ተነሣ።

ነጋዴው ብድግ አለ። ታንኳዋ ዘመም ስትል ውኃ እግራቸው ሥር ገባ።

«ረጋ በል እንጂ ሰውዬ፣ ልትገለብጠን ነው?» ብሎ አዳሙ ጮኸበት።

«ዋና የምትችለው አንተ፣ የምትቆጣው አንተ። እኔ እኮ እንደ ድንጋይ ነው የምሰምጠው» አለ ነጋዴው፣ ጭራሽ ወደ ጠርዙ እየተጠጋ።

የአዳሙም ልብ ከነጋዴው ልብ አልተሻለም። የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ቅርቡ ዳር አዞረ። የደነገጠ ቀዛፊ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዳሩ ያጓጓል፣ ሲዞሩ ግን ማዕበሉ የታንኳዋን ጎን ያገኛል። አገኘውም። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሞላ።

ይኼኔ መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ኪሮስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ረጋ በል ያልከው ለማን ነው?» አሉት።

«ለእሱ ነዋ፣ እማሆይ።»

«እሱ መቅዘፊያ አልያዘም። መጀመሪያ ለገዛ እጅህ ንገረው።»

አዳሙ እጁን አየ። መቅዘፊያውን እንደ ዱላ ጨምድዶ ውኃውን ይደበድባል። «ረጋ» አለ ለራሱ፤ አንዴ ቀዘፈ። «ረጋ» አለ፤ ደገመ። ከዚያ ጨክኖ ለቅርቡ ዳር ጀርባውን ሰጠና የታንኳዋን አፍንጫ ፊት ለፊት ወደ ማዕበሉ መለሰ።

«ጋሼ» አለው ነጋዴውን፣ ሳይጮህ፣ «ቁጭ ይበሉና በዚያች ቅል ውኃውን እየቀዱ ወደ ውጭ ይድፉልኝ።»

ነጋዴው ተቀመጠ፤ መቅዳት ጀመረ። ታንኳዋ ማዕበሉን አንድ በአንድ እየወጣች፣ እየወረደች ነፋሱ እስኪበርድ ቆየች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሩቁ ዳር ደረሱ።

ነጋዴው ልብሱን እየጨመቀ፣ «ቅድም ስትጮህብኝ ሐይቁን ትቼ አንተን መፍራት ጀምሬ ነበር» ብሎ ሳቀ።

አያችሁ፣ ብዙዎቻችን «ረጋ በል» የሚለውን ቃል የምናነሣው ሌላው ላይ ለመወርወር ነው። መርጋትም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለናል። አዳሙ ግን በደንብ የቀዘፈው ከረጋ በኋላ ነው፤ ያውም ማዕበሉን ፊት ለፊት ገጥሞ። ቃሉ የሚሠራው ተናጋሪው ራሱ ሲታዘዘውና ለደነገጠው ሰው የሚይዘው ሥራ ሲሰጠው ነው።

እስቲ አስቡት፤ በቅርቡ «ረጋ በል» ያላችሁት ሰው ድምፃችሁን ሲሰማ ረጋ፣ ወይስ ባሰበት?