እንግሊዞች የተዉት ግስ

ቀኛዝማች ተድባቡ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እጃቸው ከገባ ወዲህ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ተማሪያቸው ሆኖ ቀረ። በዚሁ ክረምት አንዲት ሸክላ ሠሪ ጣሪያዋን የምታድስበት ፈቃድ ፈልጋ አራት ሳምንት ሙሉ ደጃቸውን ስትጠና ከረመች። ጣሪያው አልጋዋ ላይ ስለሚያፈስ ከፍየሏ ጋር አልጋ ሥር ነው የምትተኛው፤ ፍየሏ ደግሞ ትራገጣለች።

በአምስተኛው ሳምንት ቀኛዝማች እኩለ ቀን ሲቃረብ ብቅ አሉና፣ ወረቀቷን ሳያዩ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

«‹ቢሲች› የሚባል የጥንት ግስ አለ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ትርጉሙ አጥብቆ መለመን፣ ደጅ መጥናት ነው። የተገኘውም ‹መፈለግ› ከሚለው ቃላቸው ነው። ዛሬ ግን እንግሊዞች እምብዛም አይሉትም። ለምን እንደተዉት ከነገርሽኝ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ፤ ካላወቅሽ ግን ለከርሞ ነይ።»

ደጅ ጠኚው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። እሷ ግን የፍየሏ እርግጫ ያሳበጠውን ጎኗን እያሻሸች ትንሽ አሰበች።

«እንጃ ጌታዬ» አለች፣ «የሚፈለጉት ሹሞች በጠዋት ቢሮ መገኘት ጀምረው ይሆናል።»