አውራ ያጣው ቀፎ

አንድ ቀን ዛፍ በር የተባለው መንደር ንብ አናቢ ሴቶች ሊቀመንበር ሊመርጡ ከቀፎዎቻቸው አጠገብ ተሰበሰቡ። በዚያ አገር ማር የወንድ ሥራ ነበር፤ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ለሴት ደግሞ ዛፍ መውጣት ነውር ነው። ዘመናዊው የሳጥን ቀፎ መጥቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ነውሩ እዚያው ዛፉ ላይ ቀረ። ሴቶቹ ተደራጁ፣ ጭንብል አጠለቁ፣ ተነደፉ፣ ለመዱ፣ ማር ቆረጡ። መጀመሪያ ሲስቅባቸው የነበረው ባል ሁሉ ኋላ ላይ ማጨሻ ተሸክሞ ይከተላቸው ጀመር።

ይህ ያልተዋጠላቸው አያ ቢሰውር ነበሩ። አያ ቢሰውር የአካባቢውን ማር በርካሽ እየሰበሰቡ ከተማ ወስደው የሚቸበችቡ ነጋዴ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ማር ሲነግዱ አንድ ሰው እንኳ አላስቀመሱም። ሴቶቹ ማራቸውን ራሳቸው ከተማ ወስደው መሸጥ ሲጀምሩ እንቅልፍ አጡ። በምርጫው ቀን ሳይጠሩ መጡና ከፊት ተቀመጡ። ሊቀመንበር ከሆኑ ማሩ ተመልሶ እጃቸው ይገባል፤ ይህ ከሁሉ ቀድሞ የገባት ከሴቶቹ አንዷ ታንጉት ናት። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው በዚህ ማር ነው።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባል የለ፤ አያ ቢሰውር ድምፃቸውን አለስልሰው ጀመሩ።

«እኅቶቼ፣ ጎበዞች ናችሁ። ግን ከንቡ ተማሩ። አውራ የሌለው ቀፎ ውሎ አያድርም፣ ይበተናል። እናንተም አውራ ያስፈልጋችኋል። ሌላ ሰው ፍለጋ አትድከሙ፤ እኔ አለሁላችሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ሽማግሌን ፊት ለፊት እምቢ ማለትም ይከብዳል። ታንጉት ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«አያ ቢሰውር፣ እውነት ተናገሩ። ቀፎ ያለ አውራ አይሆንም።»

«ተባረኪ። አንቺስ ልባም ነሽ።»

«ለመሆኑ የአውራው ሥራ ምንድን ነው?»

«ማዘዝ ነዋ። እሱ ቁጭ ብሎ ያዛል፣ ሌላው ይሠራል።»

«እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። ባለፈው ሰሞን ቀፎ ስንከፍት ግን በዓይናችን አየነው፤ አውራ የምንለው ለካ ሴት ናት። ከጧት እስከ ማታ እንቁላል ትጥላለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ ልሸከምላችሁ ካሉን ደስታችን ነው።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ብቻ መጣል የሚጀምሩበትን ቀን ይንገሩንና ጭድ እናዘጋጅልዎት።»

አያ ቢሰውር ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲወጡ የሚሸኛቸው እንኳ አላገኙም፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ተንከትክተው መሬት ላይ ነበሩ። ሊቀመንበርነቱ ለታንጉት ሆነ። አያ ቢሰውር ዛሬም ከዛፍ በር ማር ይገዛሉ፣ ሴቶቹ በቆረጡት ዋጋ፤ በገበያ ቀን ግን በእንቁላል ተራ በኩል አያልፉም።