ሦስቱን ቀን ማን ሰጠሽ?

እስቲ ዛሬ የአንዲት ሴት ነገር ላጫውታችሁ። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራ፣ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች ሴት ነበረች። ስሟን የሚያውቅ ካለ ለራሱ ይያዘው፤ እኔ ለዛሬ ተዋበች እላታለሁ። ባሏን ደግሞ ላቀው እንበለው።

ተዋበች የስኳር በሽታ አለባት። ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ጠዋትና ማታ ኪኒን ትውጣለች። ታላቅ እህቷም ይኸው በሽታ ነበረባት። እህቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ተዋበች ልትጠይቃት ሄደች። ብርድ ልብሱን ላስተካክልላት ብላ ወደ ግርጌ እጇን ስትሰድ፣ እግር ሊኖር በሚገባው ቦታ እጇ ባዶ ፍራሽ ላይ አረፈ። እግሯ መቆረጡን ማንም አልነገራትም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፈራች። ካልሲዋን ባወለቀች ቁጥር ጣቶቿን ትቆጥራለች። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ አይደል? የፈራ ሰው የሚነገረውን አይመረምርም፤ ቶሎ የሚያስመልጠውን ይዞ ይሮጣል።

የሚያስመልጥ ነገርም አልጠፋም። አንዲት ጓደኛዋ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባቻት። እዚያ የምታሠለጥን ሴት አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው። ሰውነታችሁ በመርዝ ተሞልቷል ትላለች። ዘይቱ መርዝ፣ እንጀራው መርዝ፣ ኪኒኑ መርዝ። መፍትሔው ዐሥራ አራት ቀን ጁስ ብቻ መጠጣት ነው። ጠዋት ቀይ ሥርና ካሮት፣ ቀትር ላይ ጎመንና አናናስ በዝንጅብል፣ ማታ ማንጎና ብርቱካን። ዲቶክስ ይሉታል። ዐሥራ አራተኛው ቀን ሲያልፍ ከኪኒን ነጻ ትሆናላችሁ አለቻቸው። በመሀል ካቋረጣችሁት ግን መርዙ ወደ ደማችሁ ይመለሳል፤ ከበፊቱም ይብሳል አለቻቸው።

ይህን ስትሰማ ተዋበች አለቀሰች። እግሬን አተርፋለሁ ብላ ነው ያለቀሰችው፤ አትፍረዱባት።

በማግስቱ የጁስ መፍጫ ገዛች፤ ጀመረች። ኪኒኗን እንደዋጠች አስመስላ ጠዋትና ማታ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ጥላ ውኃ ትለቅበታለች። አንድ ነገር ግን አላሰበችበትም ነበር። በእኛ አገር እንዴት ተደርጎ ነው ሳይበሉ የሚኖረው? ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የመዝገብ ክፍል ሰዎች እንደ ወትሮው በአንድ ትሪ ቀረቡ። ብዪ እንጂ፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን ሆነሽ ነው? አንዷ ጉርሻዋን ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ተዋበች ጨነቃት። ሰኔ ነበረና የሐዋርያት ጾም ገብቷል።

«ጾም ነኝ» አለች።

እሱማ እኛም ነን፣ ሽሮ ነው አሏት። ሱባኤ ይዣለሁ አለች። የንስሐ አባትሽ ፈቅደውልሽ ነው ብለው ጠየቋት። አዎ፣ ፈቅደውልኝ ነው አለች። የተዘረጋው እጅ ወደ ትሪው ተመለሰ።

አያችሁ እንዴት ቀላል እንደሆነ? አመመኝ ብትል ሐኪም ቤት እንሂድ ይሏት ነበር። እየቀነስኩ ነው ብትል ስቀው ያጎርሷት ነበር። ሱባኤ ስትል ግን ሁሉም አፉን ያዘ። ደግሞ የሰኔን ጾም! እንኳን በሱባኤ፣ እንዲያው በወጉ የምንጾመው ስንቶቻችን ነን? አትሳቁ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከመፍራትም አልፈው ያከብሯት ጀመር። ላቀውም ማታ ይህንኑ ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በርቺ፣ እኔንም አስቢኝ አላት።

ከዚያ ወረቀት መምጣት ጀመረ። ሱባኤ የያዘ ሰው ሲገኝ የምናደርገውን ታውቃላችሁ፤ የክርስትና ስማችንን ጽፈን እንሰጣለን። ወለተ ሰንበት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ማርያም። አንዱ የሚድረው ልጅ አለው፣ አንዷ ፈተና አለባት። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ እናኑ የሚሏቸው ሴት፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይዘው መጡ። ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር በበረሃ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው፤ ድምፁን አልሰሙም።

«አንቺ ምግብ ትተሽ ነው የምትለምኚው» አሏት። «አንቺን ይሰማሻል።»

ተዋበች ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ጸለየችለት? አልጸለየችም። እንዴት ብላ ትጸልይ? በጁስ መጥና የያዘችውን ረሃብ ለማን ታቅርበው? ዐሥራ ሰባት ስም ነበር ያ ኪስ ውስጥ።

በአምስተኛው ቀን ራሷን አመማት። ቡድኑ ውስጥ ጠየቀች። መርዙ እየወጣ ነው አሏት። በሰባተኛው ቀን ጥማቱ መጣ፤ ብትጠጣ ብትጠጣ አይቆርጥላትም፤ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። መርዙ እየወጣ ነው። በስምንተኛው ቀን የፋይሉ ጽሑፍ ብዥ አለባት፤ የአንዱን መዝገብ በሌላው ቦታ አስቀመጠች። መርዙ እየወጣ ነው። በዐሥረኛው ቀን ደረጃ ስትወጣ እግሯ የእሷ አልመስል አላት። ያ የምትሳሳለት እግር! እንዲያም ሆኖ አሠልጣኟ በስልክ እያጨበጨበች ታበረታታት ነበር፤ በርቺ እህቴ፣ ሊያልቅልሽ ነው፣ መርዙ እየወጣ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰውነቷ ይጮህ ነበር እኮ። ድረሱልኝ ይል ነበር። እሷ ግን ጩኸቱን ሁሉ የድል ምልክት አድርጋ ቆጠረችው። ፊቷ መክሳቱን ያዩ ሰዎችም፣ አይ ጾም፣ እንዴት አበራት እያሉ ያልፋሉ።

ላቀው ጨንቆታል። የሚስቱ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። ልናገር ይላል፣ ተመልሶ ይፈራል፤ ከፈጣሪዋ ጋር የያዘችውን ነገር እንዴት ልንካ ይላል። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሳይነግራት የንስሐ አባታቸውን መምሬ ጥበቡን ቤቱን ጸበል ይርጩልን ብሎ ጠራቸው።

መምሬ ጥበቡ ዝናብ መትቷቸው መጡ። ተዋበች ድምፃቸውን በረንዳው ላይ ሰማች። ፈቅደውልኛል ብላ ስማቸውን ስትጠራ የሰነበተችው ሰው ናቸው። ብትደበቅ የት ትደበቅ? ወጥታ ይፍቱኝ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ጸበሉን ረጩ፣ ጸሎቱን አደረሱ፣ ተቀመጡ። እሷ ለመቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ መያዝ ነበረባት።

ላቀው ቆሞ እጁን ያሻሽ ጀመር።

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝና የሰጧት ሱባኤ አልጠናባትም ወይ? ቢያሳጥሩላት ብዬ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተዋበች ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እኔ የሰጠሁት ሱባኤ የለም ቢሉ አበቃላት። ባሏ ይሰማል፣ ሰኞ መሥሪያ ቤት ይሰማል፣ እናኑ ይሰማሉ። አንደበታቸውን ትጠብቃለች።

መምሬ ጥበቡ ግን እንደዚያ አላሉም። የከሳ ፊቷን አዩት። ከዚያ ወደ ላቀው ዞሩ።

«ሱባኤ ከሆነ ካህን ያሳጥረዋል» አሉ። «እንጀራ አምጣ፣ ልጄ። ባርኬ እሰጣታለሁ፤ ዛሬ ይበቃታል።»

በሩ እንዴት ሰፍቶ እንደተከፈተላት አያችሁ? ሳትጋለጥ፣ ሳታፍር፣ አንድ ጉርሻ ዋጥ አድርጋ መዳን ትችል ነበር። ላቀው ደስ ብሎት ወደ ጓዳ ሮጠ፤ ትሪ ይዞ ተመለሰ። ተዋበች ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አልችልም አባቴ። ሦስት ቀን ይቀረኛል።»

«ሦስቱን ቀን ማን ሰጠሽ?»

እኔ አልሰጠሁሽም ማለታቸው እንደሆነ ገብቷታል። ቤተ ክርስቲያንም አልሰጠቻትም፣ ሐኪምም አልሰጣትም። ፊቷን አይታ የማታውቃት የስልክ ድምፅ ናት የሰጠቻት። መምሬ ደግመው ጠየቋት፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብለው ነው። ልጄ፣ ሦስቱን ቀን ማን ሰጠሽ? ለራሷ ስትደጋግመው የሰነበተችው ነገር ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«መርዙ እየወጣ ነው አባቴ። አሁን ካቋረጥኩት ይመለሳል።»

ላቀው ትሪውን እንደያዘ ቆመ። የምን መርዝ ነው አለ። ቀጥሎም ኪኒንሽንስ ብሎ ጠየቀ። የማታው ጁስ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ተዋበች ጥያቄውን ሽሽት ወደ ጓዳ ልትሄድ ተነሣች። ጉልበቷ ከዳት። ላቀው ትሪውን ለቆ ደገፋት፤ የመጣው እንጀራ መሬት ላይ ተበተነ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ ጣቷን ወግታ ስትለካት መሣሪያው ቁጥር አልሰጥም አለ፤ ስኳሩ ሊለካው ከሚችለው በላይ ነበር። ወደ ሆስፒታል አስተላለፏት። ሁለት ቀን ባሏን አላወቀችውም። ላቀው አልጋዋ ሥር ተቀምጦ፣ ባሏ ሆኜ ሳለሁ እንዴት አልጠየቅኋትም እያለ አለቀሰ። ሆስፒታል በገባች በስድስተኛው ቀን ቀና ብላ ተቀመጠች። በመጀመሪያ ያደረገችውን ልንገራችሁ? ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሮቿን አየች። ሁለቱም አሉ።

መምሬ ጥበቡ ሲመጡ ሁሉን ነገረቻቸው። ከዚያ ላቀውን ቦርሳዋን እንዲያቀብላት ጠይቃ ዚፑን ከፈተች፤ ወረቀቶቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«እነዚህን ምን ላድርጋቸው? በውሸት የተቀበልኳቸው ናቸው» አለቻቸው።

መምሬ መነጽራቸውን አድርገው ዐሥራ ሰባቱንም ስም አንድ በአንድ ቀስ ብለው አነበቡ። የሆስፒታሉ ምሳ መጥቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«መጀመሪያ ብዪ» አሏት። «ኪኒንሽንም ዋጪ። ከዚያ ጸልዪላቸው።»

ከሆስፒታል ስትወጣ እናኑን ፈልጋ አገኘቻቸው። እማማ፣ ለልጅዎ አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩለትም አለቻቸው። ይቀየሙኛል ብላ ጠበቀች። እናኑ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ እንግዲያው ዛሬ እንጀምር አሏት። ልጁ ደወለ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እስከ ዛሬ አልደወለም። ሁለቱ ሴቶች ግን ምሳቸውን በልተው በየቀኑ ስሙን ይጠራሉ።

እንግዲህ ቤት ስትገቡ ካሮት እንዳትጥሉ! ቀይ ሥር ምን በደለ? እኔ የማወራው ስለ አትክልት አይደለም። በቃ የሚለው ሰው ስለሌለው ነገር ነው የማወራው። ጾም አዛዥ አለው፤ ታማሚው ይብላ ይላል፣ ልጁ ጨቅላ ነው ይላል፣ አራሷ ትብላ ይላል። ተዋበች የያዘችው ነገር ግን ካህን ቢያዝ አይሰማም፣ ባል ቢለምን አይሰማም፣ ጉልበት ቢከዳ አይሰማም። እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር የያዛችሁ የላችሁም?

ደግሞስ በምን ነው የሸፈናችሁት? የተዋበች መሸፈኛ ሱባኤ ነበር። የእኛስ? እኔ የእኔን ልናገር። እንዴት ነህ ስባል እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። እናንተም ትላላችሁ። ትዳሩ እየፈረሰ እግዚአብሔር ይመስገን። እንቅልፍ ከራቀ ወር ሞልቶት እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናው ከልብ ሲሆንማ እሰየው ነው። ግን ስንት ጊዜ ነው ጠያቂው ሁለተኛ እንዳይጠይቀን ብለን ስሙን በር ላይ እንደ ዘበኛ ያቆምነው? ማን ደፍሮ ያልፈዋል? ላቀው አንድ ቤት እየኖረ ዐሥራ አንድ ቀን ማለፍ አልቻለም።

አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት እስቲ። እሱም ሸፍኖ መጥቶ ይሆናል። ሁለተኛ ጠይቁት፤ አትፈሩ፣ እግዚአብሔር በስሙ የታጠረ አጥር ብትዘሉ አይቀየማችሁም።

አሁን ከዚህ ስትወጡ በሩ ላይ አንድ ሰው እንዴት ናችሁ ይላችኋል። ምን ብላችሁ ልትመልሱለት ነው?