ፊቱን ወደ ግድግዳ የተሰቀለው ከበሮ

በአንድ ወቅት ከጀማ ወንዝ ማዶ ዘርፌ የምትባል የሠርግ አቀንቃኝ ነበረች። ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፣ ለመጨቃጨቁ በኋላ ትደርሳላችሁ። እሷ ከበሮዋን አንግታ ካልመጣች ሠርጉ አይሞቅም፤ ሙሽራው ራሱ የተዳረ አይመስለውም ነበር። አራት ልጆች ነበሯት፤ የመጨረሻው ገበየሁ ይባላል።

ገበየሁ ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ ሲሄድ ወንዙ ላይ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። በዚያ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት እስኪሞላው ከበሮ አይመታም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰቅሉታል። የዘርፌንም ሰቀሉት። እሷ ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። «ኧረ አልቅሺ ዘርፌ፣ ይውጣልሽ!» ቢሏትም ዓይኗ ደረቅ ነው። በሳምንቱ የልጆቿን ስም ረሳች። በወሩ እህል አልቀምስም አለች፤ ቢያጎርሷት ትተፋዋለች። ሰዉም ሁለተኛ ለቅሶ ሊቀመጥ ተዘጋጀ።

ትልቋ ልጇ አስካለ እናቷን እንደ ሕፃን አቅፋ እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ድምጿ እስኪዘጋ ሦስት ቀን አለች። በሦስተኛው ቀን ዘርፌ አፏን ከፈተች፤ አስካለ ገንፎ አጎረሰቻት።

«እማዬ፣ ጨምሪልኝ» አለቻት እናቷ።

አስካለ በገዛ እናቷ «እማዬ» ብትባልም ማጉረሷን አላቆመችም። ዘርፌም ነፍስ ዘራች።

ሁለተኛው አጥናፉ ነው። «በልታ ማደሯ ብቻ ምን ያደርግልኛል? እናቴ እኮ አታውቀኝም!» ብሎ ከበሮውን ከግድግዳ አወረደ። ጎረቤቱ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ «የወንድምህ ዓመት ሳይወጣ? ከእንግዲህ ማኅበራችን ውስጥ የለህም!» አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ነውር ነው። እሱ ግን የሙሽራ መቀበያውን ምት መታው። መጀመሪያ የዘርፌ እጆች አጨበጨቡ፣ ከዚያ ዘፈኑን አንዲት ቃል ሳትስት እስከ መጨረሻው አወረደችው።

«አጥናፉ፣ ቸኮልክ። ረጋ ብለህ ምታ» አለችው፣ በስሙ ጠርታ።

አጥናፉ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ግን በሩን እያየች «ገበየሁስ? ሚዜው እስካሁን አልመጣም?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ደጁን ጠርጋ፣ ነጭ ለብሳ፣ እየዘፈነች ትጠብቀው ነበር። ደስ ብሏት ነበር፣ በጣም።

ሦስተኛዋ ይመኙሻል ይህን አይታ መቻል አቃታት። «ተያት፣ ደስታዋን አትንጠቂያት» ብለው እህትና ወንድሟ ለመኗት። አልሰማቻቸውም። እናቷን እጇን ይዛ ወንዙ ዳር ወሰደቻትና ሙሾ አወረደች፦

ጓደኞችህ ሁሉ ተሻግረው የለም ወይ፣
ሚዜ ሆነህ ሄደህ ወንዝ ሞሸረህ ወይ።

ዘርፌ ውሃውን አየችው። ከዚያ ሙሾውን ተቀበለቻት፤ ደረቷን እየመታች፣ ያልወጣው እንባ ሁሉ እየወረደ፣ ራሷ ትጨምርበት ጀመር። «ልጄ ሞቷል» አለች። አእምሮዋ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ልጆቿን፣ ጎረቤቱን፣ የዘፈነችበትን ሠርግ ሁሉ አወቀች። ግን ከዚያ ወዲያ አቅም አላገኘችም። ሙሾው በወረደ በአርባኛው ቀን ልጆቿን ጠራች።

«የት እንደነበርኩ እንጃ። ከበሮዬን ለመለሰኝ ልጅ ስጡት» አለች።

«ለማናችን ነው እማዬ?» ሲሏት ሦስቱንም አየቻቸው። ሳትመልስ አረፈች።

አስካለ «እኔ ባላጎርሳት ለማን ትዘፍኑ ነበር?» አለች። አጥናፉ «በስሟ የጠራችው እኔን ነው፤ ለዚያም ከሰው ተለየሁ» አለ። ይመኙሻልን ገደለቻት የሚሏት ነበሩ። እሷ ግን «እናቴ ልጇን ሳትቀብር እንድትሞት አልፈለግሁም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሦስት ጊዜ ተጣልተው ተለያዩ። ዓመቱ ካለፈ ቆየ፣ ዘርፌ ስታርፍ መልሰው የሰቀሉት ከበሮ ግን አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል፤ በዚያ አገር የሚዳሩ ልጆችም በጭብጨባ ብቻ ይዳራሉ። እኔን አትዩኝ፣ የእኔን ሐሳብ ለራሴ ይዣለሁ። እናንተ ንገሩኝ እንጂ፦ ዘርፌን የመለሳት ማን ነው? ከበሮውስ ለማን ይገባል?