ባዶ መሬት ተብሎ የተቀባው ሰፈር

አንድ ካርታ ሠሪ፣ ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፈር ባዶ መሬት ብሎ ቀባው።

ጥሩነህ ይባላል። ሥራው ከሳተላይት በተነሣ ምስል የከተማውን መሬት እየለየ ካርታ ማውጣት ነው፤ ዛፉን አረንጓዴ፣ ቤቱን ቀይ፣ ባዶውን መሬት ቡናማ ይቀባል። የሙያው ደንብ ምስሉ ያሳየውን በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ነው። ጥሩነህ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ዐይኑ ስቶት አያውቅምና ከወንዙ ማዶ ያለውን ቡናማ መሬት ሳይሄድበት አለፈው። ከንቲባው ካርታውን አይተው ደስ አላቸው። "የእህል መጋዘኑ እዚህ ይሠራል። ሰኞ በከተማው ጉባኤ ይጸድቃል፤ ማክሰኞ ዶዘር ይገባል" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩነህ ችካል ሊተክል ወንዙን ተሻገረ። የጠበቀው ባዶ ሜዳ ነበር፤ ያገኘው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ደጃፋቸው ላይ የእንስራ አንገት ያበጃሉ። ቀና ሳይሉ "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉት።

"ይህ ቦታ ባዶ ነው ተብሎ፣ መጋዘን ሊሠራበት ችካል ልተክል ነው የመጣሁት።"

"ማነው ያለው?"

"ከሰማይ የተነሣ ፎቶ።"

"እግዜርም የሚያየን ከሰማይ ነው፤ እሱ ስቶን አያውቅም።"

አጠገባቸው ጭቃ የምትረግጥ ጎረቤት ሳቋ አመለጣት። "ታዲያ ቀብራችን መቼ ነው ጋሼ? እንድንላቀስ ይንገሩን እንጂ!"

ጥሩነህ አልሳቀም። ምስሉን ዘርግቶ አሳያቸው። እማማ ደብሪቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አተኩረው አዩት።

"መቼ ነው ያነሣችሁን?"

"ጥር ላይ።"

"አይ ልጄ! በጥርማ አፈር እናሰጣለን። ደጁ ሁሉ አፈር ነው። ቆርቆሯችንም ዝጎ አፈር መስሏል። በነሐሴ ብታነሣን ደግሞ ዱባው ጣሪያውን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ጫካ ናችሁ ትለን ነበር።"

የሃያ ዓመት ሙያው ያልነገረውን እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በአንድ እይታ ነገሩት። ፊቱ ሲለወጥ አዩና "የአንተስ ቤት የት ነበር?" አሉት።

"ፈርሷል። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ።"

"ማን አፈረሰው?"

"ወረቀት።"

የእናቱን አልጋ ተሸክሞ መንገድ ዳር የዋለበትን ቀን ለማንም አውርቶት አያውቅም። እሳቸውም አልጠየቁትም። ነጠላቸውን አደግድገው "ና እንዙር" አሉት።

ቤት ለቤት ወሰዱት። አልተቆጡትም፣ አልረገሙትም። የአንድ ሰው ስም እንኳ አልጠፋቸውም፤ ማን መቼ እንደሠራ፣ ማን በየትኛው ክረምት ግድግዳው እንደተናደበት፣ ማን ከማን ጋር በአጥር እንደተጣላ ጭምር ይነግሩታል። እሱ በእርሳስ ይጽፋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡናማው መሬት ላይ መቶ አርባ ሦስት ቤት ከነባለቤቱ ስም ሰፈረ።

ሰኞ ዕለት አዲሱን ካርታ ሲያቀርብ ከንቲባው ተቆጡ።

"ለጭቃ ረጋጭ ብለህ ስምህን ታጠፋለህ? መሳሳትህን ማን አወቀብህ?"

"ከታች ጽፌዋለሁ፤ ያንብቡት።"

ከንቲባው አነበቡ፦ "ስሕተቱ የእኔ ነው። ሄጄ አላየሁም። ጥሩነህ።"

ጉባኤው መቶ አርባ ሦስት ስም የተጻፈበትን መሬት ባዶ ነው ብሎ ማጽደቅ አልቻለም። ለመጋዘኑ ሌላ ቦታ ተፈለገለት። ጥሩነህም ከካርታ ክፍል ኃላፊነቱ ወርዶ ተራ ሠራተኛ ሆነ።

ከፍ ያለ ዐይን ብዙ ያያል፤ የሰው ስም ግን አያነብም። ከላይ ሆኖ የሚወስን ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ዳኛ፣ አባትም ይሁን አለቃ፣ ከመወሰኑ በፊት ወርዶ ደጃፍ ይርገጥ። መከራ ያሳለፈ ሰውም አይታበይ፤ የተፈረደበት ሁሉ በሌላው ላይ ከመፍረድ አይድንም። መሳሳት የሰው ነው። ስሕተቱን በገዛ እጁ አርሞ ስሙን ከሥሩ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ ሊከበር የሚገባውም እሱ ነው። እርስዎስ፣ ሄደው ሳያዩ "እዚያ ምንም የለም" ያሉት ስለ ማን ነው?

ጥሩነህ በዓመቱ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ። ከወንዙ ማዶ ያሉት መቶ አርባ ሦስት ቤተሰቦች እዚያው ናቸው።