ዝም ያለው እግር

አንድ ሰው ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ሲያወርድ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው ጋሽ ጫኔ አጥንቱን ገጥመው፣ ዙሪያውን በሸንበቆ ደግፈው አሰሩለት።

“ጠበቅ ያድርጉት፣” አላቸው።

“ይበቃሃል ልጄ።”

“ኧረ ጠበቅ ይበል ጋሽ ጫኔ። ሸርተት ብሎ ጠማማ ሆኜ ልቅር?”

እሳቸውም እንዳይቀየማቸው ብለው አጠበቁት።

ሚስቱ ስንዱ መቀመጥ አቃታት። ትነሣለች፣ ጣቶቹን ታያለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች።

“ጣትህ ጠቁሯል እኮ።”

“ስብራት ነው፣ ሠርግ መሰለሽ?”

“ላላ ላድርግልህ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። እንደውም ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ተሻለኝ።”

ጎንበስ ብላ ጣቱን ጨመቀችው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

“ተሰማህ?”

“ምኑ?”

“ነካሁህ እኮ።”

“መቼ ነካሽኝ?”

ስንዱ ቢላ አንሥታ ማሰሪያውን ቆረጠችው። ሰደባት፤ አልሰማችውም። ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ነርሷ እግሩን አይታ ተቆጣች። “አጥንት የደረቀ እንጨት መሰላችሁ? ሕይወት አለው እኮ። ውስጡ ቀጫጭን የደም ሥር ሞልቶታል። በተሰበረው ላይ አዲስ አጥንት የሚበቅለው ደሙ ምግብ ሲያደርስለት ነው። ማሰሪያው ይይዘዋል እንጂ አያድነውም። ትንሽ ብትቆዩ እግሩ ይቆረጥ ነበር።”

እግሩ ተረፈ። ትንሿ ጣቱ ግን ተቆረጠች።

እናንተስ፣ ምእመናን? ከመካከላችሁ የወደቀ የለም? የተሰበረች ልጅ የለችም? ምን አደረጋችኋት? አሰራችኋት። ከቤት እንዳትወጪ፣ ከሰው እንዳታወሪ፣ ከዘማሪዎቹ ጋር እንዳትቆሚ አላችኋት።

የተሰበረ ይደገፋል፤ በዚህ አልከራከራችሁም። ግን አብሯት የሚበላ አለ? እንዴት አደርሽ የሚላት አለ? እግዚአብሔር አጥንትን እንኳ ያለ ደም ብቻውን አልተወውም፤ እናንተ ሰውን ብቻውን አስራችሁ ይድናል ትላላችሁ? ደሙ በየት በኩል ይድረስላት?

“አሁንማ ዝም ብላለች፣ ተሻላት” ትላላችሁ። ካላለቀሰች ምን ቀራት ትላላችሁ። የሰውዬውም እግር ዝም ብሎ ነበር።

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ያሰራችሁትን ሰው ሂዱና ዳስሱት። ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ነገ እንፈታዋለን አትበሉ።